ሁለት ፊርማ፦ የጁባ ሰባት ቀን

ሐሙስ፣ መስከረም 2 ቀን 2017

ከአዲስ አበባ ጁባ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት አይሞላም። እኔ ግን እህቴን ለመጠየቅ አሥራ አራት ዓመት ፈጀብኝ። «ዘንድሮም ካልመጣህ ወንድም አለኝ አልልም» ስላለች፣ በእንቁጣጣሽ ማግስት አምስት ኪሎ በርበሬና ሁለት ኪሎ ሽሮ ይዤ ተሳፈርኩ።

ቀኑን ልብ ያልኩት የመግቢያ ቅጹ ላይ ሴፕቴምበር 12 ብዬ ስጽፍ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ መስከረም 2 ቀን 2011፣ የደቡብ ሱዳን ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርና ሲዋጓቸው የኖሩት ሪክ ማቻር አዲስ አበባ ላይ ሥልጣን የሚያካፍላቸውን የታደሰውን የሰላም ስምምነት የፈረሙት በዚህ ቀን ነበር። ከዚያ በፊት፣ በሰኔ፣ የእኛው ጠቅላይ ሚኒስትር ሁለቱን አቅፈው የተነሱት ፎቶ ከተማውን ሁሉ አዳርሶት እንደነበር አስታውሳለሁ። እኔም አይቼው ደስ ብሎኛል። መተቃቀፉ ከአንገት በላይ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቶ ነው።

ጁባ ዝናብ አርፎባት፣ ከሥር በሚወጣ እንፋሎት ተቀበለችን። እህቴ ወፍራለች። ጆሮዋ ላይ ያለው ጉትቻ እናታችን የሰጠቻት ነው። ተላቅሰን ስናበቃ ታክሲ ያዝንና ገና ብዙ ሳንሄድ ቆምን። ፖሊስ መንገዱን ዘግቶ ሳይረን እየጮኸ ረጃጅም ጥቁር መኪኖች ያልፋሉ።

«ማነው?» አልኳት።

«ምክትል ፕሬዚዳንት።»

«የትኛው?»

«እኔ እንጃ፣ አምስት ናቸው እኮ!»

አምስት ናቸው። የካቲት 14 ቀን 2012 መንግሥቱ ሲመሠረት ሪክ ማቻር የመጀመሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ከእሳቸው ሌላ አራት ምክትሎች ተሾሙ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ መስኮቱ ላይ ክንዱን አስደገፈ። እንዲህ ሆኖ መጠበቅ የለመደ ሰው መሆኑ ከአቀማመጡ ያስታውቃል።

ማታ እህቴ ከምግብ ቤቷ ጀርባ ባለችው ክፍሏ አልጋዋን ለቀቀችልኝ። ጫማዬን ልገፋ ስል እግሬ ከአልጋው ሥር ካለ ሻንጣ ጋር ተጋጨ። «እሱን አትንካው» አለችኝ። ምን እንዳለበት ብጠይቃት፣ ፓስፖርት፣ ትንሽ ዶላር፣ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ የኩላሊት መድኃኒቷ። ከሐምሌ 2008 ጀምሮ ተፈትቶ አያውቅም።

ዓርብ፣ መስከረም 3

ጠዋት አብሬያት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ልተወው፤ እሷ ነገም እዚያ ጉዳይ አላት።

ነገሩ ቀላል ነው። ምግብ ቤቷ ያረፈበትን ቦታ የኪራይ ውል ማሳደስ አለባት። ወረቀቱ ግርጌ ላይ ሁለት የፊርማ መስመር አለ፤ አንዱ የኃላፊው፣ አንዱ የምክትሉ። ኃላፊው ለ«አይ ጂ» ከደረሰው ድርሻ የተሾመ ነው፤ ምክትሉ የ«አይ ኦ»። እዚህ ሰው ፓርቲዎቹን በሙሉ ስማቸው አይጠራም። አይ ጂ መንግሥት ውስጥ የነበረው የኪር ወገን፣ አይ ኦ ተቃዋሚ የነበረው የሪክ ወገን ማለት ነው። አሁን ሁለቱም መንግሥት ውስጥ ናቸው፤ ስማቸው ግን ጦርነቱ ላይ እንደቆመ ቀርቷል።

ኃላፊው በግንቦት ፈርሟል። ምክትሉ እስከ ዛሬ አልፈረመም።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ከመቀመጫው ተነስቶ እህቴን «ማማ» ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣት፤ ሻይ አስመጣልን። ጠረጴዛው ላይ ክምር ወረቀት አለ፤ በላዩ ላይ የማራገቢያው ነፋስ እንዳይበትነው ከወንዝ የመጣ ለስላሳ ድንጋይ ተቀምጧል። ድንጋዩን አነሳ፣ የእህቴን ወረቀት ከመሐል መዘዘ፣ አየው፣ መለሰው፣ ድንጋዩን ጫነበት። ኃላፊው ሳያማክረው ሁለት ሠራተኞቹን አዛውሮበታል። እነሱ ወደ ቦታቸው እስካልተመለሱ ድረስ የኃላፊው ስም ባለበት ወረቀት ላይ አይፈርምም። «ከእርስዎ ጋር ጠብ የለኝም፣ ማማ። ቡክራ ይምጡ።» ቡክራ ነገ ነው። እህቴ ግንቦትን ሙሉ፣ ሰኔን ሙሉ ቡክራ ተብላለች።

እየወጣን ሳለ ይህንኑ ጠብ በትልቁ እንደማውቀው ትዝ አለኝ። በስምምነቱ የመከላከያ ሚኒስቴር የአይ ኦ ድርሻ ነበር፤ ሚኒስትሯም የሪክ ማቻር ባለቤት አንጀሊና ቴኒ። የካቲት 2015 ላይ ፕሬዚዳንቱ ሻሯቸውና መከላከያን ለራሳቸው ወገን ወስደው በለውጡ የአገር ውስጥ ጉዳይን ለአይ ኦ ሰጡ። አይ ኦ «ስምምነቱ ተጣሰ» አለ፣ ወራት በክርክር አለፉ፣ ሁለቱም ግን በየወንበራቸው ነበሩ። እዚህ ቢሮ ደግሞ ነገሩ በሁለት ሠራተኛ ነው የቆመው።

ማታ ደንበኞች ተቀምጠው ሳለ ዜናው መጣ። የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት እስከ ምርጫ ድረስ ያለው የሽግግሩ ጊዜ በሃያ አራት ወር መራዘሙን አስታወቀ። ሦስት ወር የቀረው ምርጫ ወደ ዲሴምበር 22 ቀን 2026፣ በእኛ ታኅሣሥ 13 ቀን 2019፣ ተላልፏል። በስምምነቱ ስድስተኛ ዓመት ማግስት! እኔ ቤቱ የሚናወጥ መስሎኝ ዞር ዞር አልኩ። አንዱ ጨው ጠየቀ። ሌላው ስልኩን አገላበጠና ለጓደኛው አሳየው፤ ጓደኛው «እም» አለ። በቃ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 4

ለእህቴ ውኃ የሚያመጣው የቦቴ ሾፌር የደሴ ልጅ ነው። ጁባ ውስጥ አብዛኛው ቤት የቧንቧ ውኃ የለውም፤ ቦቴዎች ከነጭ አባይ እየቀዱ በየቤቱ በርሜል ይሞላሉ። «ከተማውን ላሳይህ» ብሎ ጋቢና ውስጥ አስገባኝ።

ወንዙ ሞልቷል። ሣርና ግንድ ተሸክሞ ዝም ብሎ ይሄዳል። እንደ እኛ አባይ አይጮኽም። የነጻነት ድልድይን ተሻገርን፤ ጃፓኖች የሠሩት ነው። ሥራው በ2005 ገደማ ተጀመረ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ጦርነቱ ጁባ ውስጥ ሲፈነዳ ቆመ፣ እንደገና ተጀመረ፣ ሐምሌ 2008 ላይ ደግሞ ቆመ፣ ተጠናቆ የተመረቀው ግንቦት 2014 ነው። ሾፌሩ በድልድዩ መሐል ፍጥነቱን ቀንሶ «ይሄ አገር ውስጥ የተጀመረና ያለቀ ነገር ማየት ከፈለግህ፣ ይኸውልህ» አለኝ። ቀልድ ይመስላል፤ ፊቱ ግን አልሳቀም።

ስለ ሠራዊቱ የነገረኝን ልጻፈው። ስምምነቱ 83,000 የተዋሐደ ጦር፣ ፖሊስና የጸጥታ ኃይል ይሠልጥን ይላል። ነሐሴ 24 ቀን 2014 የመጀመሪያዎቹ ሲመረቁ ሾፌሩ አደባባዩ አጠገብ ውኃ አቅርቦ ነበር። «ሰልፉ ያምራል። ትከሻቸው ላይ ያለውን ጠመንጃ ቀረብ ብዬ ሳየው ግን እንጨት ነው። የተጠረበ እንጨት፣ ሰደፍም አፈሙዝም ያለው።» እውነት ነው፤ ያኔ ፎቶውን ዓለም አይቶታል። መንግሥት የጸጥታው ምክር ቤት ከ2010 ጀምሮ የጣለውን የመሣሪያ ማዕቀብ ነው ምክንያት ያደረገው። ግን እውነተኛው ጠመንጃ አገሩ ውስጥ ሞልቷል፤ ያለው በየአዛዡ እጅ ነው። ከተመረቁት አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ ቦታ ተሰጥቷቸው አልተሰማሩም። ማን ያዛቸዋል የሚለው ነው መቋጫ ያጣው።

ሐምሌ 2008ን ያላየ ሰው ይህን ግትርነት ብቻ አድርጎ ያየዋል። የያኔውም መንግሥት የሥልጣን ክፍፍል ነበር። ሪክ ማቻር በሚያዝያ 18 ጁባ የገቡት ከጋምቤላ ተነስተው ነው፤ ከመምጣታቸው በፊት ቀናት ያለፉት ጠባቂዎቻቸው ስንት ከባድ መሣሪያ ይዘው ይግቡ በሚል ሙግት ነበር። ከሦስት ወር በታች ነው የቆየው። ሐምሌ 1 ሁለቱ መሪዎች ቤተ መንግሥት ውስጥ ተቀምጠው ሳሉ ደጅ ላይ ጠባቂዎቻቸው ተታኮሱ። ሪክ በእግራቸው ወደ ኮንጎ ሸሹ።

እህቴ ያን ጊዜ አራት ቀን ወለል ላይ ተኝታለች። ማታ ይህን ስትነግረኝ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አላቆመችም። «አንተ ልጅ፣ አይፈርሙም እያልክ ትስቃለህ። አይፈርሙ! ከመተኮስ አለመፈረም አይሻልም?»

መልስ አልነበረኝም።

እሑድ፣ መስከረም 5

የእህቴ የዱቤ ደብተር ውስጥ ትልቁ ስም የአንድ አስተማሪ ነው። በኢትዮጵያ ድንበር አቅራቢያ ያለችው የናስር አካባቢ ሰው ነው፤ አማርኛውን የተማረው በደርግ ጊዜ ጋምቤላ፣ ኢታንግ በስደት ሳለ ነው። «ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ» ሲለኝ ክው አልኩ፤ ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል።

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ወደ ጆን ጋራንግ መቃብር ወሰደኝ። የነጻነት ትግሉ መሪ ጋራንግ በ1997 ሐምሌ በሄሊኮፕተር አደጋ ከሞቱ በኋላ የተቀበሩበት፣ ሐምሌ 2 ቀን 2003 ነጻነት የታወጀበት፣ የእንጨት ጠመንጃው ሰልፍም የተካሄደበት አደባባይ ነው። እሑድ ጠዋት ባዶ ነበር። አንድ ወታደር ጥላ ሥር ተቀምጦ ቦት ጫማውን አውልቆ እግሩን ያናፍሳል።

አስተማሪው አውራ ጣቱን አሳየኝ። «ለመጨረሻ ጊዜ ቀለም የነካው በጥር 2003 ነው።» የነጻነቱ ሕዝበ ውሳኔ፤ 98.83 በመቶ ለመገንጠል የመረጠበት። ከነጻነት ወዲህ አገሪቱ አንድም ምርጫ አላደረገችም። ሴት ልጁ የተወለደችው በዚያው ዓመት ነው። ትላንት ማታ ምርጫው ተራዘመ ሲባል ሰምታ «ምርጫ ምን ዓይነት ነገር ነው?» ብላ እንደጠየቀችው ነገረኝ።

የሒሳብ አስተማሪ ስለሆነ ስምምነቱን በቁጥር ነው የሚያስረዳው። ከኪሱ የሲጋራ ካርቶን አውጥቶ ጻፈልኝ። ሚኒስትሮች 35፦ 20 ለኪር ወገን፣ 9 ለአይ ኦ፣ 3 ለሌላው የተቃዋሚዎች ጥምረት፣ 2 ቀድሞ ታስረው ለተፈቱት የገዢው ፓርቲ ሰዎች፣ 1 ለቀሩት። ፓርላማ 550። ግዛቶች 10፦ ስድስት፣ ሦስት፣ አንድ። በየግዛቱና ከዚያ በታች ያለው ሹመት ደግሞ 55፣ 27፣ 10 እና 8 በመቶ።

550ን ሳይ ሳቅሁ። የእኛ ምክር ቤት፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዞ፣ 547 መቀመጫ ነው ያለው። እዚህ ያለው ሕዝብ የዚያ አሥረኛው ገደማ ነው።

«አየህ» አለኝ፣ «ማካፈሉ ላይ ስህተት የለም። ስደምረው ሁልጊዜ ልክ ይመጣል። የጎደለው እኛ የምንገባበት መስመር ነው።»

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ወይም የገባኝ የመሰለኝ። ስምምነቱ ሲፈረም የሚቀሩ ሥራዎች በዝርዝር ተጽፈዋል፦ ጦሩን ማዋሐድ፣ ቋሚ ሕገ መንግሥት መጻፍ፣ ሕዝብ መቁጠር፣ ምርጫ ማድረግ። እያንዳንዱ ሥራ ባለቀ ቁጥር ግን አንዱ ወገን እጁ ላይ ያለውን ያጣል። ጦሩን ያዋሐደ አዛዥ ጦሩን አጣ። ምርጫ ያደረገ ሚኒስትር፣ ዘጠኝ የተባለው ድርሻው ከድምፅ ቆጠራ በኋላ ሁለት ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ ያጣላቸዋል የተባለው ጉዳይ ሁሉ ሲንከባለል ይኖራል፤ ማራዘሙን ግን በአንድ ድምፅ ይስማሙበታል። የቅድመ ሽግግሩ ስምንት ወር ነበር፣ ስድስት ወር ተጨመረ፣ ከዚያ መቶ ቀን ተጨመረ። ሽግግሩ በየካቲት 2015 ያልቅ ነበር፤ ወደ የካቲት 2017 ሄደ፣ አሁን ወደ የካቲት 2019። ስድስት ዓመት ሙሉ ባለህበት እርገጥ ነው፤ አቧራው የሚነሳው ሌላው ላይ ነው።

ሮም ላይ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ሚያዝያ 2011 ተንበርክከው የእነዚህን መሪዎች እግር ስመው «በሰላም ኑሩ» ብለው ለምነዋቸዋል። ያን ሳነሳበት አስተማሪው ራሱን ነቀነቀና፣ ጥር 2015 ጁባ ሲመጡም ተሰልፎ እንዳያቸው ነገረኝ። ከእግራቸው ሕመም የተነሳ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበሩ። ሌላ አልጨመረም።

ሰኞ፣ መስከረም 6

እንደገና መሥሪያ ቤት። ምክትሉ የለም። ሆቴል ውስጥ ስብሰባ ላይ ነው፤ የስብሰባው ርዕስ የስምምነቱ አፈጻጸም። ኃላፊውም እዚያው ነው። ጸሐፊዋ «አንድ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፣ ምሳም አብረው ይበላሉ» አለችን። እህቴ ወረቀቱን ይዛ ወደ ሆቴሉ ትሄድ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ሞኝ ነህ? እዚያ ፊርማ ብጠይቅ ሁለቱም ይቀየሙኛል።»

ከሰዓት በኋላ ከአስተማሪው ጋር የዱቤ ደብተሩን አገላበጥን። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ካየ ወራት ሆኖታል። የአገሪቱ ገቢ ሁሉም ማለት ይቻላል ነዳጅ ነው፤ ነዳጁ የሚወጣው በሱዳን በኩል ነው፤ በየካቲት 2016 በሱዳኑ ጦርነት መሐል ዋናው ቧንቧ ፈነዳ። በነጻነት ሰሞን አንድ ዶላር ሦስት ፓውንድ አካባቢ ነበር፤ አሁን በሺዎች ነው። እህቴ የገበያ ብሯን በፌስታል ነው የምትይዘው። አስተማሪው ዕዳው ፊት ለፊቱ ሲደመር እያየ፣ «ውዝፉን ሁሉ ቢከፍሉኝ እንኳ የእትዬን የአንድ ወር አይዘጋም» አለ። እህቴ «ብላ ዝም ብለህ» አለችው።

እሷ ካልተተኮሰ ይበቃኛል ትላለች። እሱ ግን ከመሐል ከተማው ወጣ ብሎ ነው የሚኖረው፤ ዘመዶቹ ደግሞ ናስር ናቸው። እዚያ ተኩሱ ጨርሶ ቆሞ አያውቅም። ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ እያየሁ ለማን እንደማደላ አላውቅም ነበር። አሁንም ስጽፈው አላውቅም።

ማክሰኞ፣ መስከረም 7

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። መንገዱ ወንዝ ሆነ፣ ደንበኛ የለም። እህቴና እኔ ካርታ ተጫወትን። አጭበረበረችኝ።

ረቡዕ፣ መስከረም 8

ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስንሄድ በመሥሪያ ቤቱ በኩል አለፍን። ምክትሉ ደጅ ላይ መኪናውን እያሳጠበ ነበር። መስኮቱን ከፍታ በዓረብኛ አንድ ነገር አለችው፣ ሳቀ፣ እጁን አወዛወዘ። ምን እንዳለችው ብጠይቃት፣ «ሁለቱ ልጆችህ ተመለሱ ወይ?» ብላው ነው። አልተመለሱም።

መጋቢት 2017

ማስታወሻውን ደብተር ውስጥ ትቼው ነበር። አሁን የምገለብጠው ዜናው ስላሳሰበኝ ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ ናስር የነበረው የመንግሥት የጦር ሠፈር «ነጭ ጦር» በሚባሉት ታጣቂዎች ተያዘ። መንግሥት ከጀርባው የሪክ ሰዎች አሉ አለ፤ እነሱ ካዱ። መጋቢት 17 ሪክ ማቻር ጁባ ውስጥ ቤታቸው ሳሉ በቁም እስር ዋሉ። አይ ኦ ስምምነቱ ፈረሰ አለ።

እህቴ ጋ ስደውል መስመሩ ሁለት ቀን እምቢ አለኝ። በሦስተኛው አነሳችው። ደህና ናት። አስተማሪው ግን ሁለት ሳምንት አልመጣም፤ ዱቤው እንዳለ ነው።

«ውሉ ታደሰልሽ?» አልኳት፣ ሌላ የምጠይቃት ነገር ስላጣሁ።

«ትላንት ታደሰ።»

«ምክትሉ ፈረመ?»

ትንሽ ዝም አለች። ከበስተኋላዋ ድስት ሲከደን ይሰማል።

«ምክትሉ የለም። የት እንዳለ የሚነግረኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ወረቀቱን ከድንጋዩ ሥር አወጡትና፣ የአንዱ ፊርማ ይበቃል አሉኝ።»